ቀብድ ከመክፈልህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ ለሰሎሞን፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንተ እኔን ስትጠብቅ እኔም አንተን ስጠብቅ ልጆቻችን ጎረመሱ። ሰሞኑን እህትህ ደውላ «ወንድሜ ሄሊኮፕተር ሊገዛ ነው» ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ላሊበላና ሰሜን ተራሮች ቱሪስት ልታመላልስበት፣ ሲመችህም ቤተሰብህን ይዘህ ልትወጣበት ማሰብህን ስትነግረኝ ግን ወረቀት ፈለግሁ። እንጀራዬ ሄሊኮፕተር መጠገን ሆኖ ሳለ ዝም ብልህ ኋላ ትታዘበኛለህ።

የመረጥኸው ሮቢንሰን አር66 መሆኑን ሰምቻለሁ። ፋብሪካው እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ቶራንስ ነው። አዲስ ከሚሸጡት ባለ ተርባይን (የጄት ዓይነት ሞተር ያላቸው) ሄሊኮፕተሮች በዋጋ ዝቅ ካሉት አንዱ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ታናሽየው አር44 እንደ መኪና የፒስተን ሞተር ስላለው የአውሮፕላን ቤንዚን ይፈልጋል፤ ይኼኛው ግን እንደ ትልልቆቹ ጄቶች ጄት ኤ-1 ስለሚጠጣ ቦሌ ላይ ነዳጅ አታጣም። እስከዚህ ድረስ አልነቅፍህም።

የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በደረሰበት ከሰዓት ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሄሊኮፕተሩ 3,200 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይደክማል። ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ስትደርስ ገና መሬቱ ራሱ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ሻጩ አየር ላይ ቆሞ የመንሳፈፍ አቅሙን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሲዘረጋልህ ሁለት መሆናቸውን ልብ በል፦ አንዱ ከመሬት አጠገብ፣ ሌላው ከመሬት ርቆ። መሬት አጠገብ ሲሆን ወደ ታች የተገፋው አየር መልሶ ይደግፈዋል፤ ገደል አፋፍ ላይ ያ ድጋፍ የለም። አንተ የምትሄደው ገደል ልታሳይ ነውና ሁለተኛውን ጠይቅ። አምስት መቀመጫ አለው ማለት እዚያ አምስት ሰው ያነሳል ማለት አይደለም። መንገደኛውን ሁሉ ከነሻንጣው ሚዛን ላይ ታቆማለህ፤ ኪሎውን የሚደብቅ ፈረንጅ ደግሞ ሞልቷል!

ሌላው የሞተር አነሳስ ነው። የአር66 ሞተር ሲነሳ የፓይለቱ ዓይን ከሙቀት መለኪያው መነቀል የለበትም። ባትሪ ደክሞ ሞተሩ በቂ ፍጥነት ሳያገኝ ነዳጅ ከተለቀቀ፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ተርባይኑ ይቃጠላል። እንዲህ የሆነ ሞተር ፈትቻለሁ፤ የምላጮቹ ጫፍ ቀልጦ ተጨማዷል። የጥገናውን ሂሳብ ያየው ባለቤት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ካናዳ የሚሠራው ቤል 505 ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ሰጥቶታል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ቱሪስት ተራራ ላይ የሚያመላልስ ሰው ኤርባስ ኤች125ን ሳያይ መወሰን የለበትም። የቀድሞ ስሙ ኤኤስ350 ቢ3 ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤቨረስት ጫፍ ላይ ያረፈው እሱ ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ።

ለቤተሰብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። አር66 በ2,000 የበረራ ሰዓት ወይም በ12 ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው፣ ጠቅላላ እድሳት ይደረግለታል። በዓመት 150 ሰዓት ብታበርረው በ12 ዓመት 1,800 ላይ ነህ፤ ያልበረርህባቸውንም 200 ሰዓቶች ትከፍላለህ ማለት ነው። ብታከራየው ግን ሰዓቱ ይቀድማል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ገቢ ላይ የእድሳቱን ድርሻ ለብቻው ካላስቀመጥህ፣ ትርፍ የመሰለህ ሁሉ የሞተሩ ገንዘብ ነው። ኢንሹራንሱንና የፓይለት ደመወዙን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

የምታርፍባቸውን ቦታዎች ከፍታና ሻጩ የሰጠህን ሠንጠረዦች ላክልኝ፤ እሑድ ቤት ስለምውል ቁጭ ብዬ አሰላልሃለሁ። እስከዚያ ቀብድ እንዳትከፍል። ለእማማና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ ዳዊት