ለዘሀራ ሠርግ ብርቱካንን ጥሯት

አሰላሙ አለይኩም እማ፣

ሰላምታዬን ሰይድ ለየሰዉ በስሙ እየጠራ ያድርስልኝ፤ ወረቀቱ በሰላምታ እንዳያልቅብኝ። ይህን የያዘችልኝ ልጅ ነገ ትበራለች። ሰይድ፣ አንዲት መስመር ሳትዘል አንብብላት። አንተን የሚመለከትም አለበት።

ብር ልኬያለሁ፣ 40 ሺህ። ግማሹ ለዘሀራ ሠርግ፣ ግማሹ ለዓይንሽ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ሻክሯል ያልሽኝ ጉንፋን ነበር፣ አልፏል። ሥራው ይበዛል እንጂ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ስልክ የምደውለው ሐሙስ ማታ ብቻ የሆነውም የቤቱ ደንብ ሆኖ ነው፣ ሌላ ነገር አታስቢ። የሪያድ ሙቀት ግን አይለመድም። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስንወጣ በመኪናው መስኮት የሚገባው ያ ብርድ በሌሊት ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ ይነሳኛል። ይሁን።

ዘሀራ ሁሉንም ነግራኛለች። አትቆጧት፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት። ሰይድ ለቅሶ ቤት፣ ፋብሪካ አብራኝ ትሰፋ የነበረችው ብርቱካን እጇን ስትዘረጋለት ፊቱን አዙሮባታል አሉ። አንቺም እናቷን እትዬ የሺን ቡና ማስጠራት ትተሻል። ብርቱካን ጠዋት ሰርቪስ ስትጠብቅ «ስም ሻጭ» እያሉ የሚጮሁባትም አብረውኝ የሰፉ ልጆች ናቸው። እማ፣ ይህን ስሰማ አንጀቴ ተቃጠለ። ከሥራ የተቀነስኩት እኔ ነኝ። በእኔ ስም እንድትጣሉ ለማንም ውክልና አልሰጠሁም።

ለቅነሳው ስማችንን ብርቱካን አልሰጠችም። እንዴት እንደሆነ ረስታችሁት ካልሆነ ታውቁታላችሁ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገባ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ማሽን ቆመ። ከዚያ ወጣን ስንል ታኅሣሥ 23 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። የምንሰፋው ልብስ እዚያ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው በአጎዋ ነው። ቀረጥ ሲመጣበት ኦርደሩ ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ በኋላ የእኛ መስመር እንዳለ ተዘጋ። ይህን የወሰነ ሰው የብርቱካንን ስም እንኳን አያውቅም። ሠራተኛ አስተዳደሩ ጋ፣ ኤች አር ቢሮ ስትገባ ታይታለች ይላሉ። ሳምፕል፣ የናሙናውን ልብስ የምትሰፋ ሰው ቢሮ ሳትገባ እንዴት ትሠራለች?

ሰይድ፣ አንተ ደግሞ የእህቴን ብር አስቀርታለች እያልክ ታወራለህ አሉ። የስንብት ክፍያን የሚያሰላው ፋብሪካው ነው። በሠራተኛው ሕግ፣ በ1156 አዋጅ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይከፈላል፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፣ ቅነሳ ሲሆን ደግሞ ሌላ የ60 ቀን። እኔ ራሴ ደምሬ፣ ልክ ሆኖ ሳገኘው ነው የፈረምኩት። ብርቱካን የት ገብታ ታስቀራለች?

የልጆቹ ንዴት ከየት እንደመጣ ግን አውቀዋለሁ። ያው አዋጅ ሠራተኛ ሲቀነስ ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያላቸው ቅድሚያ አግኝተው ይቀራሉ ይላል። ስለዚህ ስምህ ዝርዝሩ ላይ ከወጣ ሰው ሁሉ ሰነፍ ነህ ብሎ ያነብበዋል። የቀሩትም እንዲህ ብለዋል። ከተቀነስነው አንዷ በርበሬ ወንዝ ሰፈር ቦቆሎ ስትጠብስ፣ አብራት የሠራች ልጅ «ታርጌትሽን ብትመቺ እዚህ አትቀመጪም ነበር» ብላት አለፈች። ይህን የሰማች ልጅ ነገ ብትጮህ ምን ይገርማል? እኔ ታርጌቴን አጉድዬ አላውቅም። ግን ያን ሁሉ ጊዜ የሰፋሁት ኪስ ነው፣ ኪስ ብቻ። ከፋብሪካው ስወጣ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ ልብስ ሰፊ ቤት መቀጠር አልቻልኩም። ብርቱካን ሙሉ ልብስ ትሰፋለች። የቀረችው ለዚህ ነው፣ እኔም እዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው። አገሬን ጠልቼ አይደለም እማ። ሰው እንደዚያ ሲልሽ ዝም አትበይ።

የበለጠ የለያየን እቁቡ ነው። ሰብሳቢዋ ብርቱካን ነበረች። የደረሳቸው ልጆች ደመወዝ ሲቆም መክፈል አቆሙ። ያልደረሳቸው ደግሞ እሷ በር ላይ ተሰለፉ። ከየት ታምጣ? እኔም ካልደረሳቸው ነበርኩ። የከፈልኩትን ከራሷ ደመወዝ እየቆነጠረች መለሰችልኝ። ዘግይታ ነው፣ ግን ጨርሳ መለሰች። ለፓስፖርቱ የከፈልኩት በዚያ ብር ነው። የሌሎቹንም እየመለሰች እንደሆነ ዘሀራ ነግራኛለች፣ ሲጮሁባት ይህን ማን ያነሳል?

አልከፋኝም አልልም። ስሄድ ልትሸኘኝ አልመጣችም። በእሷ በር አልፌ ነው መኪና የገባሁት። ያ አሁንም ይከነክነኛል፣ አንድ ቀን ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ። ይህ ግን የእኔና የእሷ ነው፣ በዘሀራ ሠርግ ላይ ምንም ቦታ የለውም።

እስቲ ስለ ሠርጉ ልበል። ሙሽራው፣ የሐይቅ ከተማው ልጅ፣ ሥራው ደህና ነው ብለሽኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ሒናውን ማን ሊቀባት ነው? ትንሽ ሳለች እኔ ነበርኩ የምቀባት፤ እጇን ዝም አድርጋ መያዝ አትችልም፣ ሁሌ ታበላሸዋለች። ኒካሁ ሲታሰር ሰይድ ስልኩን ይክፈትልኝ፤ ሐሙስ ባይሆንም ለምኜ አስፈቅዳለሁ። ቀሚሷን በሰው ልኬያለሁ፣ ወገቡ ቢሰፋት ብርቱካን ታጠብበዋለች። ሌላ ሰው እንዳይነካው።

ደግሞ አስቢው እማ። በእኛ ቤት ድግስ የክርስቲያኖቹን ወጥ ሁልጊዜ የምትይዘው እትዬ የሺ ናት። በሬያቸውን የምታሳርደው፣ ድስቱን የምትለየው እሷ ናት። የእኔ አባት ሲሞት ሦስቱን ቀን ከቤታችን አልወጣችም። በመጨረሻዋ ሴት ልጅሽ ሠርግ እሷ ከሌለች ጎረቤቱ ምን ብሎ ይበላል?

ሰይድ፣ ጥሪውን አንተ ራስህ ይዘህ ሂድ። ልጅ አትላክ። ብርቱካንን ይቅርታ በላት፣ ያን የለቅሶውን። ቆጣ ብትል ቻላት።

የዓይንሽን ብር ደግሞ ለድግሱ እንዳትነኪው። ከሠርጉ በፊት ሰይድ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይወስድሻል። ሐኪሙ ያለውን ሐሙስ ስደውል ንገሪኝ፣ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳታልፊው።

ልጅሽ መዲና