ስለ እንቅልፍ መተንፈሻ መሣሪያ ሲነገር ሆድም ይታሰብ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ ስለሚቋረጥባቸው ሰዎች በተጻፈ ቁጥር ስለ ማንኮራፋት፣ ስለ ቀን ድካምና ስለ ደም ግፊት በሰፊው ይወሳል። ለዚሁ ሕመም ሲፓፕ የተባለው፣ በማስክ በኩል አየርን በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ ታዝዞላቸው፣ ሌሊቱን አየር ሲውጡ አድረው ጠዋት ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ስለሚነሡት ሰዎች ግን የሚናገር እምብዛም አላገኘሁም። እኔም ከእነርሱ አንዱ በመሆኔ ይህን ለመጻፍ ተነሣሣሁ።

መሣሪያውን በተረከብኩበት ዕለት ስለ ማስኩ አደራረግና ስለ አየር ማጣሪያው አጸዳድ በዝርዝር ተነግሮኛል፤ ስለ ሆዴ ግን አንድም ቃል አልሰማሁም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ ተነፍቶ ግሳቱ አላቆም ሲለኝ የበላሁት ምግብ ያልተስማማኝ መሰለኝ። ለክትትል ስሄድ ባለሙያው በመሣሪያው ላይ የተመዘገበውን ተመልክቶ ሁሉም ነገር መልካም መሆኑን ነገረኝ። እውነትም መሣሪያው የሚመዘግበው የተጠቀምኩበትን ሰዓት፣ ከማስኩ የሚያመልጠውን አየርና በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሼ እንደሚቋረጥ ነው፤ ሆዴ ስንት ጊዜ እንደ ተወጠረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሦስተኛው ሳምንት መሣሪያውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ባለቤቴም ትንፋሼ ሲቆም እያዳመጠች ነቅታ ወደምታድርበት ኑሮዋ ተመለሰች።

ሐኪሞች ኤሮፋጂያ ብለው የሚጠሩት ይህ አየር የመዋጥ ችግር ከመሣሪያው አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት ይህ ዘዴ፣ አየርን በግፊት እያስገባ ጉሮሮ እንዳይደፈን ክፍት አድርጎ ይይዛል። ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ባለው መጠን ውስጥ ይወሰናል። የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ ግን የሚነሡት ከአንድ ጉሮሮ ነውና፣ የምግብ ቧንቧውን አፍ የሚዘጋው ጡንቻ ግፊቱን መቋቋም ሲያቅተው ወይም ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ምራቁን ሲውጥ፣ አየሩ ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ቃር የሚያስቸግራቸው ሰዎች ይህ ችግር በብዛት እንደሚታይባቸው ይታወቃል። አፍንጫው የታፈነና አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰውም አፉ ስለሚደርቅ ደጋግሞ ይውጣል፤ በዋጠም ቁጥር አየር ይከተላል።

ታዲያ ግፊቱን መቀነስ አይበቃም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው በዚያ አቅጣጫ ቢሆንም፣ ማንም በራሱ እጅ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ። ግፊቱ ከሚገባው በታች ሲሆን የትንፋሽ መቋረጡ ይመለሳል፤ አየር ያጠረው ሰው ደግሞ ሲታገል ይበልጥ ይውጣል፤ ስለዚህ ሆድ የሚነፋው ግፊቱ በማነሱ የሆነበት ጊዜም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የሌሊቱን መዝገብ ከሕመምተኛው ቃል ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ሐኪም ነው።

ለእኔ ይህን ያደረገችልኝ ሌላ ሐኪም ናት። ግፊቱን እንደ ሁኔታው ራሱ የሚቀያይረው መሣሪያዬ በጀርባዬ በተኛሁ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣ እንደነበር ከመዝገቡ አየች። ከፍተኛውን ወሰን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ውጭ ስተነፍስ ግፊቱ ለጊዜው እንዲቀንስ የሚያደርገውን ማስተካከያ ከፈተች፤ በጎኔ እንድተኛ፣ የአልጋዬን ራስጌ ከፍ እንዳደርግ፣ እራቴን ከመኝታ ቀደም ብዬ እንድበላና የታፈነውን አፍንጫዬን እንድታከም መከረችኝ። መነፋቱ በአንድ ሌሊት አልጠፋም። በወሩ መጨረሻ ግን የትንፋሽ መቋረጤ በሰዓት ከ5 በታች እንደሆነ ሆዴ አረፈ። ይህ ሁሉ የማይበቃው ሰው ለማስገቢያና ለማስወጫ ትንፋሽ ሁለት የተለያየ ግፊት የሚሰጥ መሣሪያ ሊታዘዝለት ይችላል።

«ታገሥ፣ ይለመዳል» የሚሉ አሉ። ለአንዳንዱ ሰው ይለመዳል፤ ለእኔ ግን አልተለመደም፤ በዚያ ምክር ብቻ ሕክምናውን የተዉም ጥቂት አይመስሉኝም። ሆዱ ደንድኖ በብርቱ የሚያመው፣ የሚያስመልሰው ወይም ጋዝ ማስወጣት ያቃተው ሰው መታገሥ የለበትም፤ ፈጥኖ ይታከም። የደረት ሕመምንም የጋዝ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

መሣሪያውን የምታዝዙና የምታስረክቡ ባለሙያዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ንገሩን፤ በክትትሉም ቀን መዝገቡን ከማየታችሁ በፊት «ሆድዎን ይነፋዎታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁን። መሣሪያቸውን እንደ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ የከተቱ አንባብያን ካሉም፣ አውጥተው ከነመዝገቡ ወደ ሐኪማቸው ይውሰዱት፤ ስለ ሆዳቸውም ሳያፍሩ ይናገሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመሣሪያው ተጠቃሚ