ማር ቤያ ላይ ያሰብኩት ልጅ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። አምና እህቴን ልጠይቅ ባርሴሎና ሄጄ ማር ቤያ የሚባል የባሕር ዳርቻ ወሰደችኝ፣ ከተማዋ በፈረንጆቹ 1992 ለኦሎምፒክ ካሰናዳቻቸው አንዱ ነው። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች እንደሚያዘወትሩት የነገረችኝ አሸዋው ላይ ከተቀመጥን በኋላ ነው። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ግን ያየሁት መረብ ኳስ የሚጫወቱ ወጣቶች፣ ጥላ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘው ያንቀላፉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እዚያው አጠገባቸው ልጆቿን የምታበላ እናት ነው። ማንም ማንም ላይ አላፈጠጠም።

እኛ ጋ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያሳስራል። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ በወሬ ብቻ ተደብድቦ አገር ጥሎ ሄደ። ጣና ዳር አብረን ነበር ዋና የተማርነው። እባካችሁ፣ እንዲህ ያሉ ልጆችን አንደብድብ። እናቱ እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮህ ትሮጣለች።