የፎቶው ሽማግሌ በሐሳብ አልተዋጡም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ባለፈው እሑድ ስለ ሥጋ ደዌ ያወጣችሁትን ባለ ሁለት ገጽ ዘገባ አንባቢ አይቶታልና አልደግመውም። የእኔ ጣጣ ከትልቁ ፎቶግራፍ ሥር ካለችው መስመር ጋር ነው፦ «አዛውንቱ ግራ ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው በሐሳብ ተውጠው»። ሐሳብ አንዱን ዓይን ትቶ አንዱን የሚያገረብብ ከሆነ ለሕክምናው ዓለም ታላቅ ግኝት ነውና እንኳን ደስ ያላችሁ።

እስቲ ፎቶውን ደግማችሁ እዩት። ቀኝ ዓይናቸው ጥርቅም ብሎ ተከድኗል። በግራው በኩል የታችኛው ቆብ ላልቷል፣ ጥቁሩ ወደ ላይ ሸሽቷል፣ ነጩ ብቻ ይታያል። ጉንጫቸው ላይ ዕንባ አለ፤ ዘጋቢያችሁ እሱንም ለትዝታ ሰጥቶታል። ሰውየው ሁለቱንም ዓይን ነበር የጨፈኑት፤ ግራው ነው እምቢ ያላቸው። ሐኪሞች ላጎፍታልሞስ ይሉታል።

በፎቶ ምርመራ አይደረግም ብትሉኝ ልክ ናችሁ። ግን ፍንጩን ያተማችሁት ራሳችሁ ናችሁ፦ «ሕክምና በጀመሩ በሁለተኛው ወር ጉንጫቸው ላይ የነበረው ምልክት ቀልቶ አበጠ»። ይህ እኛ ዘንድ ሪአክሽን ይባላል። የሰውነት መከላከያ በሕይወት ባሉትም በሞቱትም ባክቴሪያዎች ላይ ይነሣል፤ ውጊያው የሚካሄደው ግን ነርቭ ውስጥ ነው። ነርቩ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሽፋኑ ስለማይለጠጥለት እዚያው ይታፈናል። የቀላው ምልክት ዓይን አጠገብ ከሆነ ቆብ የሚከድነውን ጡንቻ የሚያዘው የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ አደጋ ላይ ነው። የተጎዳው ነርቭ ክርን ላይ ያለው ሲሆን ትንሿና የቀለበት ጣት ይታጠፋሉ፤ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ሲሆን ውስጥ እግር ይደነዝዛል። ጣት «ተበልቶ» አይወድቅም። መጀመሪያ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ምድጃውና እሾሁ ናቸው የሚጨርሱት።

አሁን ወደ ሰባተኛው አንቀጽ እንምጣ፦ «ዓይናቸው የደከመው መድኃኒት በማቋረጣቸው ነው»። ሁለተኛው አንቀጻችሁ ደግሞ 12ቱንም የወር እሽግ ጨርሰዋል ይላል። የትኛውን እንመን? ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን አንድ ላይ እንዲሰጡ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጀው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባክቴሪያውን ይገድላሉ። የነርቭን ብግነት ግን አያበርዱም። ሪአክሽን ኪኒኑ እየተዋጠ ይመጣል፤ ካለቀ በኋላም ይመጣል። ታዛዥ በሽተኛን «አቋራጭ» ብሎ በጋዜጣ መጻፍ በየመንደሩ የሚያስከትለውን እናንተ አታዩትም። (ፊታቸውንም «በሽታው አጠቆረው» ብላችኋል። ያጠቆረው ክሎፋዚሚን ነው፤ መድኃኒቱ ካቆመ በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል።)

ብግነቱን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ነው። ብዙ ጊዜ በቀን በ40 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ማለትም ባለ 5ቱ ኪኒን ስምንት ፍሬ፣ ጠዋት ቁርስ ተበልቶ። ከዚያ በየጥቂት ሳምንቱ እየተቀነሰ ከ20 እስከ 24 ሳምንት ይዘልቃል። አስቀድሞ ስኳር፣ ደም ግፊትና ሳንባ ነቀርሳ ይታያሉ፤ የአንጀት ትልም ይታከማል። ሕመሙ ሻል ሲል በድንገት የሚያቆም ሰው ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል፤ የባክቴሪያውም መድኃኒት ጎን ለጎን ይቀጥላል። ዋናው ጉዳይ ጊዜ ነው። የነርቩ ድክመት ስድስት ወር ሳይሞላው ከተያዘ የመመለስ ተስፋ አለው። ከዚያ ካለፈ ቀሪው ነገር ቆቡን በቀዶ ሕክምና ማጥበብ ነው።

ታዲያ በጊዜ የሚይዘው ማነው? ማስመሪያ የያዘ ሰው። ታካሚው ይቀመጣል፤ «እንደ መተኛት ቀስ ብለው ይጨፍኑ» ይባላል፤ በቆቦቹ መካከል የቀረው ክፍተት በሚሊ ሜትር ይለካል። «አሁን አጥብቀው» ይባልና እንደገና ይለካል። በቀስታ ሲጨፍን 2 ሚሊ ሜትር ቀርቶ ሲያጠብቅ ከገጠመ ነርቩ ደክሟል እንጂ አልሞተም። ቀጥሎ በ6 ሜትር ርቀት ጣት ያስቆጥሩታል፣ ዓይን በዓይን። ከዚያ መዳፉና ውስጥ እግሩ በእስክሪብቶ ጫፍ ቆዳው ጎድጎድ እስኪል ይነካል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተነካበትን ይጠቁማል። (የማይከደን ዓይን ላለው መጋረጃ ይያዝለታል።) ሁሉም በካርዱ ላይ ይጻፋል። ካለፈው ወር ጋር ካልተነጻጸረ ግን ከንቱ ነው፤ ነርቭ ሳያምም በዝምታ የሚሞትበት ጊዜ አለና።

ይህ ሥራ የሚሠራው ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ነው። ዘጋቢያችሁ ዳይሬክተሩን፣ ለጋሹን፣ ጥልፍ ሠሪዎቹን፣ ዘበኛውን ሳይቀር አነጋግሯል። በዘበኛው አልቀናም። ግን በሁለት ገጽ ውስጥ ስለ ነርቭ ምርመራ አንድ ቃል የለም። አለርት፣ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ሥልጠና ማዕከል፣ በ1965 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ ሲቋቋም ስሙ ውስጥ «ማገገሚያ» እና «ሥልጠና» የገቡት ለጌጥ አልነበረም። በየዓመቱ በጥር የሥጋ ደዌ ቀን ሲደርስ ካሜራው ጣት ፍለጋ ይመጣል፤ ማስመሪያ ፎቶ አያምርም መሰለኝ።

ለአዛውንቱና እንደ እርሳቸው ላሉ አንባቢዎች ልታትሙት ይገባችሁ የነበረው ይኸው፦ ቀን ቀን እያሰቡ ደጋግሞ ማርገብገብ፤ ለነፋስና ለአቧራ መነጽር፤ ሲተኙ ፊትን በንጹሕ ነጠላ መሸፈን፤ ጠዋት ጠዋት ዓይንን በመስታወት ማየት። የዓይንን ስሜት የሚያደርሰው ሌላው ነርቭም ተጎድቶ ዓይን ከደነዘዘ ጉድፍ ቢገባም አይቆረቁርም፤ ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት ደኅና ነኝ ማለት አይደለም። ዓይን ቀልቶ ከታመመና ብርሃን ካስጠላው ውስጡ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ብሌኑ ተጣብቆ እንዳይቀር የአትሮፒንና የስቴሮይድ ጠብታ በሐኪም እጅ ያስፈልገዋል። ነገ ዛሬ አይባልም።

የፎቶው መግለጫ በሚቀጥለው እትም እንዲህ ይታረምልን፦ «አዛውንቱ ሁለቱንም ዓይናቸውን እየጨፈኑ፤ የግራው ክፍተት አልተለካም።»

አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ