ከፎቶው ጎን ዋጋውም ይጻፍልን

ክቡር አዘጋጅ፣

ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ገጻችሁ በልጆቻችን ፎቶ ይሞላል። የኮሌጁ ስም ያለበት ሹራብ ለብሰው፣ እናትና አባት ግራና ቀኝ ቆመው፣ ከሥር «እንኳን ደስ ያላችሁ»። እኔም አያለሁ፣ ላይክ አደርጋለሁ፣ ለእህቴም እልክላታለሁ። ደስ ይላል፣ ይቀጥል። አንድ ነገር ግን ይጎድለኛል። ያ ኮሌጅ በዓመት ስንት እንደሚያስከፍል፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ስጦታ ስንቱ ዕዳ እንደሆነ አንድም ቀን ተጽፎ አላየሁም። የማንም ሰው ኪስ አደባባይ ይውጣ አልልም። ስም ሳይጠራ ስለ ነገሩ ግን ይጻፍ፣ ያውም ከሜይ 1 በፊት።

ሜይ 1 አብዛኛው ኮሌጅ ቁርጡን የሚጠብቅበት ቀን ነው። በእኛ ሚያዝያ 23፣ ጊዮርጊስ። ለእናቶች እንዲህ ስነግራቸው አይረሱትም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ከወላጆቻቸው ጋር ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ፎርም እንሞላለን፣ ኮሌጁ የሚሰጠውን ድጋፍ የሚዘረዝረውን የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤ እናነባለን። ሥራችን ሌላ ነው፣ ይሄ የትርፍ ሰዓት ነገር ነው። ሆኖም የሚመጡት ጥያቄዎች በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ያደግነው በምደባ ነው። ማትሪክ ትፈተናለህ፣ ውጤት ይመጣል፣ ምርጫህን ትሞላለህ፣ ከዚያ መንግሥት ጅማ ወይ መቀሌ ወይ ሐረማያ ይመድብሃል። ሻንጣህን ይዘህ ትሄዳለህ። ዶርሙም ካፌውም ከመንግሥት ነው። ኋላ ወጪ መጋራት መጣ፣ እሱም ቢሆን ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ የሚከፈል ነው። ስለዚህ ልጁ «አለፈ» ከተባለ በቃ፣ አለቀ። እዚህ አገር ግን የቅበላው ደብዳቤ ሲደርስ ገና መጀመሩ ነው። ቶዮታ ለመግዛት ሦስት ሻጭ ጋ የምንዞር፣ መቶ ዶላር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን የምንከራከር ሰዎች፣ ኮሌጅ ላይ ስንደርስ ዋጋ መጠየቅ ነውር ይመስለናል።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ይዞት የመጣውን ደብዳቤ ልንገራችሁ። ኮሌጁ የግል ነው፣ ፔንሲልቬንያ ያለ፣ ስሙ ይቅር። ልጁ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። ከላይ በደማቁ «ጠቅላላ ድጋፍ 78,000 ዶላር» ይላል። የዓመቱ ወጪም ትምህርቱ፣ ዶርሙ፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ ተደምሮ 78,000 ነው። አባትየው ኡበር ነው የሚሠሩት። «ሙሉ ነው አይደል?» አሉኝ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ማለታቸው ነው። ዘመድ ሁሉ ሰምቷል፣ ድግሱም ታስቧል።

ወደ ታች ወረድን። የኮሌጁ ግራንት 38,000። ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ፔል ግራንት 4,000። እስከዚህ ጥሩ ነው፣ ይሄ የማይመለስ 42,000 ዶላር ነው። ቀጥሎ በልጁ ስም የፌዴራል ብድር አለ፦ 3,500 ትምህርት ላይ እያለ ወለዱን መንግሥት የሚችልለት፣ 2,000 ደግሞ ገና እጁ ከገባ ጀምሮ ወለድ የሚቆጥርበት። ከዚያ ወርክ ስተዲ 2,500። ይሄ ልጁ ካምፓስ ውስጥ ሥራ ፈልጎ ካገኘ በሠራው ሰዓት ልክ የሚከፈለው ደመወዝ ነው፣ ነሐሴ ላይ ለሚመጣው ቢል አይደርስም። በመጨረሻም በዚያው ፊደል፣ በዚያው ረድፍ፣ ልክ እንደ ስጦታው ሁሉ፣ «ፓረንት ፕላስ 28,000» ተብሎ ተቀምጧል።

ፓረንት ፕላስ ወላጅ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ዕዳ ነው። ልጁ ተመርቆ ጥሩ ሥራ ቢይዝም ወደ ልጁ ስም አይዞርም። ለ2025/26 የትምህርት ዘመን ወለዱ 8.94 በመቶ ነው፣ ገና ሲሰጥ ደግሞ ከ4 በመቶ በላይ ይቆረጥበታል። በ28,000 ላይ የአንድ ዓመት ወለድ ብቻ 2,500 ዶላር ገደማ ይሆናል። በአራት ዓመት ዋናው ብቻ 112,000። አባትየው ዝም ብለው ሰሙኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ይሄን ታውቅ ነበር?» ልጁ ያውቅ ነበር። እንግሊዝኛውን ከማንም በላይ የሚያነበው እሱ ነው። ግን አባቱ ለሰው ሁሉ ተናግረዋል፣ እንዴት ብሎ ይንገራቸው? አባትየው መልሰው «ግዴለም፣ ማታም እሠራለሁ» አሉ። እሳቸው የሚሠሩት እኮ ድሮም ማታ ነው። ሁለት ሳምንት ከተነታረኩ በኋላ ልጁ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ድግሱ አልቀረም፣ እኔም ዶሮውን በልቻለሁ።

ይሄ የአንድ ቤተሰብ የዋህነት ነው እንዳትሉ። ጋኦ የሚባለው፣ ለኮንግረስ ሒሳብ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት፣ በ2022 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ከኮሌጆች 91 በመቶ ያህሉ ቤተሰቡ በእውነት የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ ወይ ጭራሽ አይጽፉም ወይ አሳንሰው ይጽፋሉ ብሏል። አሜሪካዊውም ይሸወዳል። የእኛ የሚብሰው ደብዳቤውን ለወላጅ የሚያስረዳው ያው ጉዳዩ የሚመለከተው የ17 ዓመት ልጅ ስለሆነ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ነገር አለ። በ2025 ጁላይ 4 በተፈረመው ሕግ መሠረት፣ ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ፓረንት ፕላስ አዲስ ለሚበደር ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር አያልፍም። በየዓመቱ 20,000 የወሰደ ሰው አራተኛው ዓመት ላይ 5,000 ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። ያኔ ከባንክ የግል ብድር ይፈለጋል፣ ባንኩ ኮሳይነር፣ ማለትም አብሮ የሚፈርም ዋስ፣ አምጡ ይላል፣ አጎት ይጠራል፣ አጎት ደግሞ ቤት ሊገዛ ክሬዲቱን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ መደመር ያለበት የአንድ ዓመት ሒሳብ ሳይሆን የአራት ዓመት ነው፣ አሁን፣ የቦታ መያዣው ዲፖዚት ሳይከፈል።

በሌላ በኩል ዋጋውን አይተው ገና ከበሩ የሚመለሱ ወላጆች አሉ። ይሄም ያናድደኛል። ዌብሳይት ላይ 85,000 የሚል ኮሌጅ ለእናንተ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል። ሃርቫርድ ከ2025/26 ጀምሮ ገቢው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ፣ ብዙ ንብረት ለሌለው ቤተሰብ፣ ዶርሙንም ምግቡንም ጨምሮ ነፃ ነው ብሏል፣ እስከ 200,000 ለሆነ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ያነሳል። ፕሪንስተን ለአብዛኛው ቤተሰብ ሙሉውን እስከ 150,000 ገቢ ድረስ ይሸፍናል። እነዚህ ጥቂት ናቸው፣ መግባቱም ከባድ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ከገባች በኋላ አባት «የሀብታም ትምህርት ቤት ነው፣ አንችለውም» ብሎ ደብዳቤውን ሳይከፍት የተወበትን ቤት አውቃለሁ።

ስለ ይሉኝታም ላንሳ። ፋፍሳ የሚያየው የቆየ ታክስ ነው፣ ለመጪው መስከረም የሚገቡት የተመዘኑት በ2024 ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ አባት ታሞ ከሥራ ቀርቶ ከሆነ፣ የእናት ሰዓት ተቀንሶ ከሆነ፣ ባልና ሚስት ተለያይተው ከሆነ ኮሌጁ ይሄን አያውቅም። መንገር አለባችሁ። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው አጠር ያለ ደብዳቤ ይጻፋል፣ የሥራ ማቆሚያ ወረቀት ወይ የሕክምና ቢል ይያያዛል፣ አፒል ይባላል። ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ሰጥቶ ከሆነም ያንን ደብዳቤ አያይዞ «ልጄ የእናንተን ትመርጣለች፣ ልዩነቱን ልትረዱን ትችላላችሁ ወይ?» ማለት ይቻላል። ልመና አይደለም፣ አሠራር ነው። ቅበላውን አይነጥቋችሁም። እምቢ ካሉም ያው የነበራችሁበት ናችሁ። አገር ቤት ለእናታችን በየወሩ የምንልከውን ፋፍሳ አያይልንም፣ አፒሉ ላይ ግን ደረሰኙን አያይዞ መጥቀስ አይከለከልም፣ የሚያየው ኮሌጅም አለ የማያየውም አለ።

ጀሞ ያለው ኮንዶሚኒየምስ? ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ ሹክ ተብሎ ነው የሚጠየቀኝ። ፋፍሳ የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም። ንብረት ከሚጠየቁት ቤተሰቦች ውስጥ ከሆናችሁ ግን ሌላው ቤት፣ የትም አገር ይሁን፣ ይጻፋል። ፎርሙ የሚፈረምበት ነው፣ «ማን ያውቃል» አትበሉ። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ደግሞ ፋፍሳም እሞላለሁ ብሎ ሁለት መቶ ዶላር ቢጠይቅ እምቢ በሉት፣ ፎርሙ ነፃ ነው።

አሁን ከበድ ወዳለው ልምጣ። በዲቪ የመጣ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለት ልጅ የፌዴራሉን ድጋፍ ያገኛል። ኬዙ ያላለቀ ወይም ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ያለው አያገኝም። ይሄ በሰው ፊት የሚነገር ነገር ስላልሆነ፣ ልጁ ጓደኞቹ ሁሉ ስለ ፋፍሳ ሲያወሩ «እኔ ኮሌጅ አልፈልግም፣ መሥራት ነው የምፈልገው» ይላል። ወላጅም አምኖ ይተዋል። ሜሪላንድ ግን ለእነዚህ ልጆች የራሱ የስቴት ፎርም አለው፣ ቨርጂኒያም ቫሳ የሚባል አለው። የሜሪላንዱ ቀን ማርች 1 ስለሆነ ለዘንድሮ አልፏል፣ የ11ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ከአሁኑ ያዙት። ለዘንድሮው ደግሞ የግል ኮሌጆችንና የአካባቢ ስኮላርሺፖችን ጠይቁ፣ የመኖሪያ ወረቀት የማይጠይቁ አሉ። ወላጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ባይኖረውም ልጁ ካለው ፋፍሳ መሙላት ይቻላል። በ2024 ፎርሙ ተበላሽቶ ስንት ቤተሰብ ተጉላልቶ ስለነበር እስከ ዛሬ «አይሆንም» የሚል ወሬ አለ። ይሆናል።

የሁለት ዓመቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ያለን ንቀት ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገባ» ለማለት ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ኖቫ የሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው፣ ልጁ ገና ኖቫ ሲጀምር የሜሰን መንገዱ ይከፈትለታል። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ሜሰን ነው። ሁለት ዓመት ከቤት እየተመላለሰ፣ የእናቱን ሽሮ እየበላ፣ ዕዳ ሳይነካው። ለሁሉም ልጅ ይሆናል አልልም፣ ከቤት መውጣት የሚያስፈልገው ልጅ አለ። ግን አማራጩ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ።

ትንንሽ ግን ኪስ የሚነኩ ነገሮችም አሉ። ሜሪት የሚባለው፣ በውጤት የሚገኝ ስኮላርሺፕ የተሰጠው ልጅ በየዓመቱ ለመቀጠል ስንት ጂፒኤ ማምጣት እንዳለበት በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ኢንጂነሪንግ የሚገባ ልጅ 3.5 ጠብቅ ከተባለ ነገሩ ይታሰብበት። ቤተሰቡ ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬይድ ካለው የኮሌጁ የጤና ኢንሹራንስ ከቢሉ ላይ ብዙ ጊዜ ሊነሳ ይችላል፣ ዌይቨር ይባላል፣ ቀኑ ካለፈ ግን ያስከፍላችኋል። ዲፖዚቱም ብዙ ኮሌጅ ለአቅመ ደካማ ያነሳዋል፣ ከጠየቃችሁ ነው ታዲያ።

እና አዘጋጅ፣ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ዘንድሮ ፎቶዎቹን ስታወጡ ከጎኑ አንድ የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤ ስሙን ሸፍናችሁ አትሙልን፣ ስጦታውን ለብቻ፣ ብድሩን ለብቻ እየለያችሁ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አስተዳዳሪዎች፣ ዕድሮችም ይሄን የምታነቡ ከሆነ፣ ከጊዮርጊስ በፊት ባለው ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ያህል አንድ አዳራሽ ስጡን። ሒሳብ የሚችሉና ኮሌጅ የጨረሱ ልጆች አሉን፣ ቡናውንም እናፈላለን። ወላጆች የሁሉንም ኮሌጅ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ፣ የመረጡትን ብቻ ሳይሆን። ልጁም አብሮ ይምጣ፣ እባካችሁ ለልጁ ስትሉ ቤት አታስቀሩት። ማስታወቂያውን በነፃ ካወጣችሁልን የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ