ለአዲስ ወላጅ ማን ይናገርለታል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየዓመቱ ስለ ግል ትምህርት ቤቶች የክፍያ ጭማሪ ብዙ ይወራል። እናንተም ትጽፋላችሁ። ወላጆች ተሰብስበው ተከራከሩ፣ ትምህርት ቤቱ ኪራይና ደመወዝ ናረብኝ አለ፣ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን መግለጫ ሰጠ። ይጻፍ፣ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ሁሉ የነባር ተማሪ ወላጅ ጉዳይ ነው። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስመዘግብ በር ላይ የቆመ ሰው እዚያ ስብሰባ ላይ የለም። ወኪልም የለውም። እሱ የሚያውቀው አንድ መስኮትና ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችውን የሬጅስትራር ሠራተኛ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ መስኮት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጀሞ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አራት ዓመት የሞላው ልጅ አለን፤ ለመጪው መስከረም ኬጂ ልናስገባው ትምህርት ቤት ስናፈላልግ ከረምን።

“ለምን የመንግሥት አታስገቢውም?” የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ልክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ምገባ አለ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም በነፃ ይሰጣል። የጎረቤቴ ልጆች እዚያ ናቸው፤ ጠግበው ይመጣሉ። እኔን የያዘኝ ፍርሃት ነው። ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ሱቄ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ። ልጄ ያኔ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ወገቡን እየለካሁት የሚያወራኝ ስለ ትምህርት ቤት ሆነ። የትኛው አሳለፈ? የትኛው ጠንካራ ነው? ከኬጂ ካልያዙት በኋላ ቦታ አይገኝም አሉ። ያለፉት ተማሪዎች ድርሻ በ2017 ፈተና 8.4 በመቶ ደርሷል፤ የወላጅ ፍርሃት ግን እዚያው ነው። ትምህርት ቤቶቹም ይህን ፍርሃት አሳምረው ያውቁታል።

መጀመሪያ ስልክ ደወልኩ። “ክፍያ ስንት ነው?” ስል “በአካል ይምጡ” ይሉኛል። በአካል ስሄድ “መጀመሪያ ፎርም ይግዙ” ይሉኛል። ፎርሙ 500 ብር ነው። ዋጋው ስንት እንደሆነ ሳላውቅ ለመጠየቅ 500 ብር! “ወርሃዊውን ብቻ ንገሪኝ፣ አቅሜ ካልሆነ ልሂድ” ብዬ መስኮቱ ጀርባ ያለችውን ሠራተኛ ለመንኳት። 4,200 ነው አለችኝ፤ “ሌላውን ፋይናንስ ይነግርዎታል” ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ብዙ ስለነበር ተሸማቅቄ ከፈልኩ።

የፎርሙ ጥያቄዎች ስለ ልጁ ከሚጠይቁት ይልቅ ስለ እኛ የሚጠይቁት ይበዛሉ። የእናት ሥራ፣ የአባት ሥራ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የወር ገቢ፣ የሥራ ቦታ ደብዳቤ። እኔ ለራሴ ነው የምሠራው፣ ማን ይጻፍልኝ? የንግድ ፈቃዴን ኮፒ አድርጌ አያያዝኩ። ስለ ልጁ የተጠየቀው አለርጂ አለበት ወይ፣ ክትባት ጨርሷል ወይ የሚል ነው። ምን ይወዳል፣ ምን ይፈራል፣ ማን ያሳድገዋል የሚል ነገር የለም።

ከዚያ ኢንተርቪው። እናትና አባት ሁለቱም ካልቀረቡ አይሆንም ተባልኩ። ባለቤቴ ጋላፊ ኬላ ላይ ተሰልፏል። በቪዲዮ ላገናኛችሁ አልኩ። አሠራራችን አይፈቅድም አሉኝ። ሌላ ቀጠሮ ስጡኝ አልኩ፤ ቦታው ያልቃል አሉ። በመጨረሻ ቀጠሮው ሲራዘምልን ባለቤቴ አንድ ጭነት ለሌላ ሹፌር ለቆ መጣ። የጭነት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሸሚዝ ተኩሼለት፣ ፀጉሩን ተቆርጦ ገባን። የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ “ክፍያ በወቅቱ ትፈጽማላችሁ?” እንፈጽማለን አለ። አለቀ። ሲወጣ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም፤ እኔ ግን ተናድጄ ነበር።

ልጁን ብቻውን ወደ ሌላ ክፍል አስገቡት። እኔ እንዳልከተለው ተነገረኝ። ይህ ልጅ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ተቀብሎ “ልብስሽ አልደረሰም፣ ነገ ነይ” የሚል ልጅ ነው። አፉ አያርፍም። እዚያ ግን የማያውቃት ሴት በእንግሊዝኛ ስታናግረው ዝም ብሎ ጫማውን ሲያይ ቆየ መሰለኝ። ቀለም ጠየቁት፣ ቁጥር ጠየቁት። ሽንቱ መጥቶ ነበር፤ ለማን ይንገር? እያለቀሰ ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ መልሱ መጣ፦ “ልጁ ዝግጁ ስላልሆነ በሚቀጥለው ዓመት ይሞክሩ።” የፎርሙ ገንዘብ ተመላሽ አይደረግም።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ማመን አቃታት። እሷ ትምህርት ቤት ስትገባ ፈተናው አንድ ብቻ ነበር፤ እጅሽን በአናትሽ ላይ አሻግረሽ በዚያኛው በኩል ያለውን ጆሮሽን ንኪ። ከነካሽ ደርሰሻል፣ ካልነካሽ ለከርሞ ነይ። ሳይንስ ይሁን አይሁን አላውቅም። ቢያንስ ግን ፈተናው ምን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ልጆች ቤታቸው ይለማመዱታል። የኔን ልጅ ምን እንደሚጠይቁት ማንም አልነገረኝም፤ በምን እንደወደቀም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነገሩ እዚያ አላበቃም። ሰንበት ብሎ ስልኬ ጮኸ። ያችው ሠራተኛ ናት። አንድ ቦታ ተለቋል፣ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ገቢ ካላደረጋችሁ ለሌላ ሰው ይሰጣል አለችኝ። “ልጄ ዝግጁ አይደለም ተብሎ ነበር እኮ” አልኳት። “እሱ ችግር የለውም” አለችኝ። እንግዲህ በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ልጄ ምን ተማረ? ከኔ ሱቅ ወለል ላይ ቁልፍ መልቀም ካልሆነ በቀር ምንም አልተማረም። የተለወጠው ልጁ አልነበረም፤ ወንበሩ ነው። ቦታ ሲጠፋ ልጁ አልደረሰም፣ ቦታ ሲገኝ ልጁ ደረሰ። ቦታ የለም ብትሉኝ ምን ነበረበት? እቀበላለሁ። ልጄን ለምን በማያውቀው ትከሱታላችሁ?

ለባለቤቴ ደወልኩ። ሌላ አማራጭ አልነበረንምና ከፈልን።

ፋይናንስ ቢሮ ስገባ ነው “ሌላው” የተባለው የተገለጠልኝ። መመዝገቢያ 3,000። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት 10,500። መጽሐፍ 3,500። ዩኒፎርም 6,800። ከፎርሙ ጋር ሲደመር ከ24 ሺሕ ብር በላይ፣ እሱም ልጁ አንድ ቀን ሳይማር። በዚያ ላይ የዕቃ ዝርዝር ተሰጠኝ፦ አንድ ደስጣ ወረቀት፣ ስድስት ሶፍት፣ ሁለት ፈሳሽ ሳሙና፣ ኮላ፣ ማርከር። የአራት ዓመት ልጅ ስድስት ሶፍት ምን ያደርግለታል? በክፍሉ 30 ልጅ ካለ 180 ሶፍት ነው። እኔ እንኳን ሱቅ ከፍቼ ይህን ያህል አላከማችም።

ስለ ዩኒፎርሙ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ሥራዬ ነውና። “እኔ ልሰፋለት እችላለሁ፣ ጨርቁን ብቻ አሳዩኝ፣ ዓርማውን ብቻ ሽጡልኝ” አልኩ። አይቻልም፣ ከእኛ ብቻ ነው ተባልኩ። ቤት ወስጄ አየሁት። ሁለት ሱሪ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ቱታ። የሱሪው ጋባርዲን ስስ ነው። ውስጡ ኦቨርሎክ አልተደረገም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይተረተራል። ከሁሉ የገረመኝ ከታች ማስረዘሚያ ጨርቅ አልተተወለትም። የሕፃን ልብስ የሚሰፋ ሰው ቢያንስ አራት ጣት አጥፎ ይተዋል፤ ልጅ ያድጋላ! ይህ ሱሪ የካቲት ላይ አጭር ሆኖ ሌላ እንድገዛ ተደርጎ የተሰፋ ነው። በጨርቅ፣ በክር፣ በቁልፍ፣ በጉልበቴም ሒሳብ ባሰላው ከ3,000 ብር አይበልጥም፤ የኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ያስኬደዋል። ወገቡን ፈትቼ እንደገና ሰፍቼዋለሁ። ለእግሩ ግን የምጨምርለት ጨርቅ የለኝም።

የዩኒፎርሙን ደረሰኝ ስጠይቅ “ማሽኑ ተበላሽቷል፣ በኋላ ይምጡ” ተባልኩ። በኋላም ሄጃለሁ። ማሽኑ አሁንም አልተሠራም።

ሠራተኛዋን ልወቅስ አልፈልግም። ስልኳ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ወላጁ ይቆጣታል፣ ከላይ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። ትምህርት ቤቱም ኪራይ ይከፍላል፣ መምህር መቅጠር አለበት፣ ጥሩ መምህር ርካሽ አይደለም። 4,200 ብር በዛ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለምን አስቀድሞ አይነገረኝም?

ማድረግ እንደሚቻል በዓይኔ አይቻለሁ። ከዞርኩባቸው አንዱ ትምህርት ቤት የግቢው በር ላይ ወረቀት ለጥፏል። ስንት አዲስ ተማሪ እንደሚቀበል፣ የወሩ፣ የመመዝገቢያው፣ የመጽሐፉ፣ የሰርቪሱ፣ ሁሉም ተደምሮ በዓመት ስንት እንደሚሆን ተጽፏል። ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነበር። ቆሜ አነበብኩ፣ ታክሲ ተሳፍሬ ተመለስኩ። ከታክሲው በቀር አምስት ሳንቲም አላወጣሁም፣ ልጄም አላለቀሰም። ለትምህርት ቤቱ ግን አክብሮት አድሮብኝ ነው የተመለስኩት።

እኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ “ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር” ከነዋጋው ተለጥፏል። የወረዳ ሰዎች መጥተው ለጥፊ ብለውኝ ነው፤ ልክ ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የዕቃና የአገልግሎት ዋጋ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ፣ ደረሰኝም ይሰጥ ይላል። ለዚፕ የሚሠራ ሕግ ለ24 ሺሕ ብር ሳይሠራ ቀርቶ ነው?

ስለዚህ ባለሥልጣኑን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ትምህርት ቤቶች ፎርም መሸጥ ከመጀመራቸው በፊት ያላቸውን ክፍት ቦታና የዓመቱን ሙሉ ወጪ፣ ዩኒፎርምና ሶፍት ሳይቀር፣ በር ላይ ይለጥፉ። ልጁ ሳይገባ ከቀረ የትኛው ገንዘብ እንደሚመለስ ይጻፍ። ከአራት ዓመት ሕፃን ጋር ሲነጋገሩ እናቱ አጠገቡ ትቀመጥ። ዩኒፎርም የፈለገ ከፈለገበት ያሰፋ፤ ዓርማውን ትምህርት ቤቱ ይሽጥ። የክፍያ ስብሰባ ሲጠራም ልጃቸው ለመጪው ዓመት የተመዘገበላቸው አዳዲስ ወላጆች ይጠሩ። እኛም እንከፍላለን እኮ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጻፍኩም። ስም ባወጣ ሰው “አንዱ መጥፎ ትምህርት ቤት ነው” ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ በፊት የሄድኩባቸውም፣ ያን በሩ ላይ የለጠፈውን ሳልጨምር፣ ከዚህ እምብዛም አይለዩም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ልጄ መስከረም ላይ እዚያ ይገባል። ከተመዘገበ በኋላ ወላጅ እንዴት አፉን እንደሚዘጋ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከባለሥልጣኑ ወይም ከትምህርት ቤቶቹ ማኅበር መልስ የሚሰጥ ካለ በዚሁ ዓምድ ብታወጡልን እናነበዋለን። ሱቄ ውስጥ ጋዜጣችሁን ተቀባብለው የሚያነቡ ወላጆች ብዙ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ ይቆየኝ
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ