ፍላሹን ቫይረስ አልበላውም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በባሕር ዳር ከተማ በሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእኔም ሱቅ በጎረቤቶቼም ኮፒ ቤቶች በየቀኑ የሚሰማ አንድ አነጋገር ብዙ ሰው እያሳሳተ ስላየሁ ነው። ፍላሽ ላይ የተቀመጠ ነገር አልከፈት ባለ ቁጥር ባለቤቱም፣ ሻጩም፣ እኛም ባለሙያ ነን የምንለው «ቫይረስ በልቶት ነው» እንልና ነገሩን እንዘጋዋለን። በቫይረስ ማሳበብ ለሻጩ መልካም ማምለጫ ነው፤ ገዢው ግን በማግስቱ ያንኑ ዓይነት ፍላሽ ከዚያው ሱቅ ይገዛል።

እኔም እንደዚያው ስል ከርሜ በዚህ ዓመት ጥር ዋጋዬን አገኘሁ። የኮምፒውተሬ ዲስክ በሠርግ ብዛት ሞልቶ ስለነበር፣ 64 ጊጋባይት የሚል የተጻፈበትን ፍላሽ ከሌላው በግማሽ ዋጋ ገዝቼ የአንድ ሠርግ ቀረጻ በሙሉ፣ 41 ጊጋባይት ያህል፣ ከካሜራው ካርድ በቀጥታ ወደ እሱ ገለበጥሁ። ግልበጣው ያለ አንዳች ስሕተት ተጠናቀቀ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፍቼ አየሁ፤ ይሠራል። የሌሎቹም ስም፣ መጠንና ሰዓት ተደርድሮ ይታየኛል። በማግስቱ ሌላ ሠርግ ስለነበረብኝ የካሜራውን ካርድ አጠፋሁት። ጥፋቱ ከዚህ ላይ የእኔ መሆኑን አልክድም።

ቪዲዮውን ለማቀናበር ስቀመጥ ሙሽራዋ ከቤቷ ስትወጣ የተቀረጸው፣ የእናቷ ምርቃትና የሚዜዎቹ ጭፈራ በደንብ ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ጣና ዳር የተነሡት ፎቶና አዳራሹ ውስጥ የተቀረጸው ሁሉ፣ አንዱም አልከፈት አለ። ፎቶዎቹም ግማሾቹ ከላይ ሰው፣ ከታች ግራጫ ሆነው ቀሩ። የሙሽራዋ እናት ሱቄ መጥተው ዝርዝሩን በስክሪኑ ላይ ሳሳያቸው «ልጄ፣ ስሙ ይኸው አለ፤ ሠርጉ የት ሄደ?» አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ስለነበር መልሱን ፈልጌ አገኘሁት። ፍላሽ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው መረጃውን የሚይዘው ቺፕ ሲሆን ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው ተቆጣጣሪ ቺፕ ነው። ኮምፒውተር የፍላሹን ስፋት ራሱ አይለካም፤ ተቆጣጣሪውን ጠይቆ የተነገረውን ያምናል። አስመሳይ አምራቾች 8 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ ቺፕ ይገጥሙና በተቆጣጣሪው ላይ ያለውን ፕሮግራም ለውጠው «64 ነኝ»፣ ሲደፍሩም «2 ቴራባይት ነኝ» እንዲል ያደርጉታል። እውነተኛው 8 ጊጋባይት እስኪሞላ ድረስ ፍላሹ ምንም እንከን አይታይበትም። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ በዝምታ ይጣላል፣ ወይ ዞሮ መጀመሪያ የተጻፈውን ይደመስሳል። የፋይሎቹ ስምና መጠን ዝርዝር የሚቀመጠው ግን በፍላሹ መጀመሪያ፣ እውነተኛው ቦታ ባለበት ስለሆነ፣ ዕቃው ሳይኖር የዕቃው መዝገብ ብቻ ይተርፋል። ዞሮ የሚደመስሰው ዓይነት ከሆነ መዝገቡንም ሊነካው ይችላልና፣ ፍላሹን መልሰው ሲሰኩት «ፎርማት ይደረግ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ግልበጣው እንዳለቀ ሳይነቅሉ ከፍቶ ማየትም አያስተማምንም፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ላይ የቀረውን ሊያሳየን ይችላልና።

በእርግጥ አልሠራ ያለ ፍላሽ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ያ በእርግጥ የቫይረስ ሥራ ነው፤ ፋይሎቹም አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ቦታ እያለው ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አልቀበልም የሚል ፍላሽ ደግሞ ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደራደር ፎርማት የተደረገ ነው፤ ኤክስፋት ወደሚባለው ሲቀየር ይቀበላል። እየገባ እየወጣ የሚያስቸግረውን በሌላ መሰኪያ (ፖርት) መሞከር ነው። 64 ጊጋባይት የተባለው ኮምፒውተር ላይ 59.6 ገደማ ሆኖ ሲታይ ተጭበረበርን የሚሉ ደንበኞችም አሉኝ፤ ይህ ግን የአቆጣጠር ልዩነት ነው። አምራቹ አንዱን ጊጋባይት አንድ ቢሊዮን ባይት ብሎ ሲቆጥር ዊንዶውስ 1,073,741,824 ባይት ብሎ ይቆጥረዋል። የሚያሳዝነው፣ ሐሰተኛውም ይህንኑ 59.6 አስመስሎ ማሳየቱ ነው።

ስለዚህ ሐሰተኛውን ከሁሉ በላይ በእርግጠኝነት የሚለየው ፍላሹን ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል በነጻ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም ባዶውን ፍላሽ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋባይት በሆኑ ፋይሎች እስከ አፉ ይሞላዋል፤ ከዚያም የጻፈውን መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ኤፍ 3 የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ምርመራው በውስጡ የሚፈለግ ነገር ባለበት ፍላሽ ላይ መደረግ የለበትም፤ ፍላሹ ሐሰተኛ ከሆነ ምርመራው ራሱ የቀረውን ሊደመስሰው ይችላል። የእኔን ፍላሽ ስመረምረው 7 ጊጋባይት ከምናምን ብቻ ደኅና ሆኖ ሌላው ሁሉ የለም አለኝ። ተናድጄ ሽፋኑን በቢላዋ ስከፍተው ደግሞ ውስጡ አንዲት የስልክ ሚሞሪ በማጣበቂያ ተለጥፋ አገኘኋት። አፉ ሰማያዊ ስለነበር ፈጣኑ ዩኤስቢ 3 መስሎኝ ነበር፤ ትክክለኛው ዩኤስቢ 3 ከፊት ካሉት 4 የብረት መስመሮች ጀርባ 5 ተጨማሪ መስመሮች ሲኖሩት የእኔው ግን አራቱን ብቻ በሰማያዊ ቀለም አስጊጦ የመጣ ነው።

ይህ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል። በሴኮንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ፍላሽ 64 ጊጋባይት ለመሙላት ብቻ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይፈጃል፤ ማንበቡ ሲጨመርበት ግማሽ ቀን ሊሄድ ነው። ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ መጥቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ በመጨረሻው ጀልባ ለሚመለስ ሰው ይህን ያህል ጠብቅ ማለት ይከብዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ ቫሊድራይቭ የተባለውን ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ በፍላሹ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተበተኑ 576 ቦታዎችን ብቻ እየጻፈና እያነበበ ስለሚሞክር በደቂቃዎች ውስጥ ውሸቱን ያወጣዋል። ሁሉን ቦታ ስለማይፈትሽ ያረጀና እዚህም እዚያም የተበላሸ ፍላሽ ሊያመልጠው ይችላል፤ የተጋነነ ስፋትን ለመያዝ ግን በቂ ነው።

ነጋዴዎቻችን ሁሉ እያወቁ ያታልላሉ የሚል እምነት የለኝም። ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ በካርቶን የመጣላቸውን እንደ መጣ የሚሸጡ ናቸው። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጥራቱን በማየቱ ብቻም ለመግዛት ያለመገደድ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ካርቶን ሁለት ሦስቱን አስቀድሞ መመርመር፣ ደረሰኝ ላይም «ፍላሽ» ብሎ ከማለፍ ስፋቱን በቁጥር መጻፍ ለነጋዴው የሚከብድ አይመስለኝም። የከተማችን የንግድ ተቆጣጣሪዎችም ሚዛን በሚፈትሹበት ዓይን አንድ ላፕቶፕ ይዘው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ቢገቡ ጥሩ ነበር፤ 8 ኪሎ ጤፍ 64 ነው ብሎ የሸጠ ነጋዴ ዝም አይባልም።

ሐሰተኛ ፍላሽ በእጁ ያለ ሰው ፎርማት በማድረግ አያድነውም፤ ተቆጣጣሪው ውሸቱን እንደገና ይናገራልና። በምርመራው የተገኘውን እውነተኛ ስፋት የሚያህል ክፋይ (ፓርቲሽን) ከፍላሹ መጀመሪያ ላይ ሠርቶ ሌላውን ባዶ በመተው ለባጃጅ ዘፈን ሊጠቀምበት ይችላል። የእኔዋም አሁን አንድ የአባይ ማዶ ባጃጅ ውስጥ በ7 ጊጋባይቷ እየዘፈነች ነው። ለሙሽራዋ ቤተሰብ ግን ክፍያቸውን መልሼ፣ ከእንግዶቹ ስልክ የተለቃቀመውን የሐይቅ ዳርና የአዳራሽ ቪዲዮ እያቀናበርሁ ነው፤ እስካሁን ሃያ ሦስት ደቂቃ ደርሷል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር